ወላጅ የሚፈርምበት መስመር

መስከረም 26 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ባለሽበት ሁሉ ጤና ይስጥልኝ። ፈጣሪ እጅሽን ከካውያው፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ አይከፋም። «ዳኛዋም ደህና ናት» ብዬ ልቀጥል ነበር። ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ግን መዋሸት አስጠላኝ።

ይህን ቅጽል ያወጣሁላት ሰው ሲያወራ ከንፈሩን ትኩር ብላ ስታይ ምስክር የምትሰማ እንጂ የአሥር ዓመት ልጅ ስለማትመስል ነው። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ከትምህርት ቢሮ አንድ ገምጋሚ መጥቶ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ፈተነ። ሰውየው ጢሙ የላይኛውን ከንፈሩን ሸፍኖታል። ጥያቄውን የሚያነበው አንገቱን ደፍቶ ከወረቀቱ ላይ ነው። አጠገቡ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንግዲህ የሰው ከንፈር እያየች የምትኖር፣ በእጇ የምታወራ ልጅ እዚህ ሰው ፊት ተቀምጣ ምን ታድርግ? ከሃያ ጥያቄ ሦስቱን መለሰች። ሦስቱም ሥዕል ያለባቸው ናቸው። እሱም «የመማር አቅሟ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ጻፈ። አምና ከክፍሏ አራተኛ የወጣችውን ልጅ ነው እንዲህ ያለው።

መስከረም 22 ቀን ርዕሰ መምህሯ አስጠራችኝና ሦስት ወረቀት ዘረጋችልኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ወረቀት በመጣ ቁጥር «ደርሶኛል» ብዬ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንበብ የዳኞቹ ሥራ ነው፤ የኔ ሥራ መቀበል፣ ቁጥር መስጠትና መደርደር ነበር። እኔ ጡረታ ብወጣም እጄ ጡረታ አልወጣም። ሦስቱንም ጫር ጫር አደረግኳቸው። ቤት ገብቼ መነጽሬን ሳደርግ «ደርሶኛል» ሳይሆን «ተስማምቻለሁ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «የወላጅ ፊርማ» ተብሎ መስመር ተሰምሮበታል፤ መስመሩ ላይ የተጋደመው የኔ ፊርማ ነው።

በማግስቱ ልዩ ክፍል ወደሚሉት ቤት ወሰዷት። ሄጄ አየሁት። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ነው፤ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እስከ በሩ ድረስ ተደርድረዋል። መስኮቱ ግድግዳ ያያል። ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሰባት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ዶቃ በክር ይሰካሉ። የምትጠብቃቸው ሴት ክፉ ሰው አይደለችም፤ አስተማሪ ግን አይደለችም። ሰሌዳ የለም። ዳኛዋ ስታየኝ በእጇ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄጄ በአርባ ዓመት ያላነበብኩትን በሁለት ቀን አነበብኩ። ነገሩ እንደ ቤት ነው። መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ መማር የልጅ ሁሉ መብት ነው ይላል፤ የሚሰማና የማይሰማ ብሎ አይለይም። እሱ ላይ አዋጁ ቆሟል፤ አዋጁ ላይ ደንቡ። የሚገርምሽ፣ አዋጁ የወጣው አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ልጇ በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄድ «ሕንጻችን ደረጃ ነው፤ አንቀበለውም» ያሏትን ሰዎች ከስሳ ከረታች በኋላ ነው። ያንን መዝገብ በክር አስሬ መደርደሪያ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ስንት ዓመት አቧራውን ስጠርግለት ኖርኩ።

ደንቡ ልጅ መገምገም ያለበት በሚገባው ቋንቋ ነው ይላል፤ ለዳኛዋ በምልክት ማለት ነው። ከእኩዮቹ የሚለየው ድጋፍ ተሰጥቶት ጭራሽ አልሆን ሲል ብቻ ነው፤ ያውም ወላጁ በጽሑፍ ሲፈቅድ። ወላጅ በስልሳ ቀን ውስጥ አቤት ካለ ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ልጁ በነበረበት ክፍል ይቆያል። የኛ ስልሳ ቀን ኅዳር 22 ያልቃል።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የምፈልገው እዚያ ባለው ቆንስላ ማኅተም የተመታበት፣ እናቷ የፈረመችበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶ አይቀበሉም፤ ዋናው ነው የሚፈለገው። እናቷ ማን እንደሆነች እኔና አንቺ እናውቃለን። ስልክ እንዳልደውል ስላስጠነቀቅሽኝ እንደ ወትሮው በልብስ ማጠቢያው አድራሻ ጽፌያለሁ።

ቸር ወሬሽን ያሰማኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 13 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ በወሩ መጀመሪያ ደርሶኝ ነበር፤ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሆቴሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከባልደረቦቼ ሁለቱ ታመው ቀሩና የአራት መቶ አልጋ አንሶላ ለሦስት ሰው ወደቀ። ተቆጣጣሪያችን ደግሞ አንሶላ ሲታጠፍ ጥጉ ከጥጉ ካልገጠመ ዓለም የምትፈርስ ይመስላታል። እንፋሎቱ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው።

ባለቤቴም ደህና ነው። አውቶቡሱን ቀይረውለታል፤ የአዲሱ በር ቶሎ አይዘጋም እያለ ሲነጫነጭ ይውላል። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ስለ ልጅቷ የጻፉልኝን አንብቤ በጣም አዘንኩ። እርስዎ ያን ያህል ደክመው አሳድገዋት እንዲህ ያለ ነገር ሊገጥማት አይገባም ነበር። ለአስጠኚ የሚሆን ገንዘብ ልኬያለሁ። ምልክት የሚያውቅ ሰው ቤት ድረስ እየመጣ ቢያስተምራት ያ ክፍል ያን ያህል ላይጎዳት ይችላል። ከተረፈ ጫማ ይግዙላት፤ ቁጥሯ ስንት እንደደረሰ አላውቅም።

ስለ ወረቀቱ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በወላጅ ቦታ የፈረሙት እርስዎ አይደሉም? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲፈርሙ የኖሩትም እርስዎ ነዎት፤ እስከ ዛሬ ማንም ምንም አላለም። ታዲያ የፈረመው ሰው ራሱ «ተሳስቼ ነው» ብሎ አቤት ቢል ምን ይከለክለዋል? ለምን ሌላ ሰው ይጨመራል? ልጅቷ የምታውቀኝ «እትዬ» ብላ ነው። ፎቶዬም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በዚያ ስም ነው። ያለውን ባለበት መተው የሚሻል መሰለኝ።

ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ግንባሯን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ገንዘቡ ደርሷል፤ አመሰግናለሁ። የጫማ ቁጥሯ ሠላሳ አራት ነው። አስጠኚ ግን አልቀጠርኩም። ልጅቷ የጎደላት መምህር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደምንም አላንስም ነበር፤ ጣቶቼ እንደ ሚስማር ደርቀው እንኳ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ማኅበራቸው ድረስ እየሄድኩ ምልክት ተምሬያለሁ። የወሰዱባት ክፍሏን ነው፤ እኩዮቿን ነው።

ያልሽውን መንገድ ሳትነግሪኝ በፊት ሞክሬዋለሁ። ርዕሰ መምህሯ በትሕትና አስቀምጣ ሰማችኝና ወረቀቱን ወደኔ አዙራ ፊርማዬን አሳየችኝ። «አባቴ፣ ፈቅደዋል እኮ» አለችኝ። አልዋሸችም። ፈቅዶ የፈረመ ወላጅ አቤቱታ የለውም፤ «ለሚመጣው ዓመት እንደገና ይታይልኝ» ከማለት በቀር። ዓመት ሙሉ ዶቃ የሰካች ልጅ በሚመጣው ዓመት ምን ሆና እንደምትገመገም አንቺው አስቢው።

ተመልሼ ደንቡን አገላበጥኩት። ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ ላይ «ፈቃዱን የሰጠው ሰው ወላጅ ወይም በሕግ የተሾመ ሞግዚት ካልሆነ ፈቃዱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል» የሚል አገኘሁ። ገባሽ? እኔ ወላጅ ካልሆንኩ ያ ፊርማ ቀለም ብቻ ነው። ነገር ግን «አይደለሁም» ባልኩ ቅጽበት የሚጠይቁኝ «ታዲያ ወላጇ ማን ናት?» ብለው ነው። ለዚያ ጥያቄ መልስ የያዘ ወረቀት እጄ ላይ ከሌለ ልጅቷ ወላጅ የሌላት ተብላ ትመዘገባለች። ያን ጊዜ ስለሷ የሚወስነው ያ ጢማም ሰውዬ ያለበት ቢሮ ይሆናል።

ስለሷ ጥቂት ልጻፍልሽ። አልጠየቅሽኝም፤ ካልነገርኩሽ ግን ይጨንቀኛል። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እጇ አያርፍም ነበር። ማንኪያ እንደያዘች ስለምታወራ ሾርባውን ጠረጴዛው ይጠጣዋል፤ እኔም «በአንድ እጅሽ ብዪ፣ በአንድ እጅሽ አውሪ» ስላት እንደማልገባት አድርጋ ታሾፍብኛለች። አሁን ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ትተኛለች። ደብተርሽን አሳዪኝ ብላት ዶቃ የተሰካበት ክር አውጥታ ሰጠችኝ። አብራት ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛዋ በእረፍት ሰዓት መጥታ በመስኮቱ ታያታለች አሉኝ። ዳኛዋ ፊቷን ታዞርባታለች። ታፍራለች። የሚያሳፍር ምን ሠርታ ነው?

ተቆጥቻለሁ፤ ባንቺም በራሴም። ስምንት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ «ልጅቷ»፣ «ልጅቷ» እየተባባልን ኖርን። እኔም ለማለት ያህል ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ለቀቅኩት። ሕጉ ግን «ወላጅ» ነው የሚለው፤ እትዬ የምትፈርምበት መስመር የለውም። አንድ ወር ከሁለት ቀን ቀርቶናል። ፖስታው ብቻውን ስድስት ቀን ይበላል።

ፈጣሪ ያስብሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 1 ቀን

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ማድረቂያው ማሽን ኋላ ቆሜ ነው። ይህንንም የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ የቆሸሹ ፎጣዎች በሚከመሩበት ጋሪ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቴ ካስቀየመዎ ለዚህ ነው።

ሳያነቡ የፈረሙት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠይቅ ቅጹን የሞላልን ሰው «ልጅ አለሽ?» አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጧል። ከተጋባን አራት ወር አልሞላንም፤ ዛሬ እነግረዋለሁ ነገ እነግረዋለሁ ስል አልነገርኩትም ነበር። «የለኝም» አልኩ። ሰውየውም «ጥሩ፣ ቶሎ ያልቅልሻል» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ሲታደስ ያው ውሸት ይገለበጣል። የዘንድሮው እድሳት በያዝነው ወር ነው። አሁን «እናቷ ነኝ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ከቆንስላ ቢወጣ ማን እጅ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ? ቤቴን፣ ሥራዬንና ሰውየውን በአንድ ቀን ላጣ እችላለሁ።

ደግሞ ይህንን አይርሱብኝ። «ሂጂ፣ እኔ አለሁላት» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ አልክድም። ስንጋራው በኖርነው ሥጋት ግን አያስፈራሩኝ።

ለአንድም ሰው ነግሬ የማላውቀውን ልንገርዎ። ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኋላዋ ቆሜ እጠራት ነበር። አንዳንዴ የድስት ክዳን እያጋጨሁ። አትዞርም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የጠርሙስ ክዳን ታንከባልላለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትስቃለች። ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ እርግጡን ሲነግረኝ የጉዞ ወረቀቴ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ላሳድጋት ብዬ የሄድኩ ይመስለዋል፤ እርስዎም እንደዚያ ይመስልዎታል። እኔ የሄድኩት ብጠራት የማትሰማኝን ልጅ ፈርቼ ነው። አሁን በየትኛው አፌ ነው «እናቷ ነኝ» ብዬ ማኅተም የማስመታው?

አልችልም አጎቴ፤ ይቅር ይበሉኝ። ገንዘብ የፈለጉትን ያህል እልካለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፈው። ደብዳቤሽ ትናንት ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ድስቱ ክዳን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ባለፈው እንደዚያ አልናገርሽም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ፊት ተቀምጬ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «መስከረም 22 ቀን በወላጅ መስመር ላይ የፈረምኩት እኔ የልጅቷ ወላጅ አይደለሁም፤ በሕግ የተሾምኩ ሞግዚትም አይደለሁም፤ የእናቷ አጎት ነኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የፈረምኩት ሁሉ እንደዚሁ ነው።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀጥላ «አባቴ፣ በዚህ ሊከሰሱ እንደሚችሉ ያውቃሉ?» አለችኝ። «የሐሰተኛ ፊርማ መዝገብ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ከመስኮቱ በስተግራ ሦስተኛው ነው» አልኳት። አልሳቀችም። እኔም ለራሴ አልሳቅኩም።

ወረቀቴን ወደ አቤቱታ ሰሚው ጉባኤ መራችው። እነሱም የወላጅ አቤቱታ እስከ ኅዳር 22 ካልገባ ቢሮው ይወስናል ብለዋል። አቤቱታውን ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። ወደ ክፍሏ ትመለስ፣ በምልክት ቋንቋ እንደገና ትገምገም፣ አስተርጓሚ ይመደብላት ብያለሁ። ሲፈትኗት ያደረጉባትን ስላልረሳሁ ደግሞ፣ ጉባኤው ፊት ስለሷ የሚነገረው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይተርጎምላት የሚል ጨምሬበታለሁ። የጎደለው የናት ወረቀት ብቻ ነው።

አልለምንሽም። ፍርሃትሽን አይቻለሁ፤ የሚናቅ አይደለም። እኔ የራሴን ውሸት መልሼ ወስጃለሁ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። እስከዚያው ሰላም ሁኚ።

አጎትሽ


ኅዳር 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን ፈጣሪ አብዝቶ ይስጥልኝ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። እንዳይታጠፍ ሁለት ካርቶን መሃል አድርጌዋለሁ። ኅዳር 21 ይደርሳል ብለው ምለውልኛል።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ማለዳ ባለቤቴ ለሥራ ሲወጣ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ እንደቆመ ነገርኩት። «አንዲት ልጅ አለችኝ። አትሰማም» አልኩት። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለ። «አሥር» አልኩት። «ከትዳራችን ትበልጣለቻ» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። በኃይል ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር። ማታ ሲመለስ ምን እንደሚለኝ አላውቅም።

ከዚያ ከሥራ ቀርቼ ቆንስላው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጥታ «ከልጅቷ ጋር ያለሽን ዝምድና ጻፊ» አለችኝ። እጄ «አክስት» ብሎ ጻፈ። ይህማ አይሆንም ብላ ሌላ ቅጽ ሰጠችኝ። ያንንም «አክስት» ብዬ ጀመርኩት። ሦስተኛውን ስትሰጠኝ «እህቴ፣ ልጅቷን አታውቂያትም እንዴ?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል። አላውቃትም ብላት እውነቴን ነበር። ሦስተኛው ላይ «እናት» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሙን ስትመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

የመኖሪያ ፈቃዱን ነገር ደርሰውበት ከሚጠሩኝ ብዬ ራሴ ሄጄ ልነግራቸው ቀጠሮ ይዣለሁ። እፈራለሁ። ግን እርስዎ በዚያ ዕድሜዎ ኮትዎን ለብሰው ሄደው የለ? ያንን ሳስብ አፈርኩ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ለሷ እንዳይነግሯት። መንገዱ ሲከፈትልኝ መጥቼ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ራሴ ልንገራት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ይህን ቃል ይስጡኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ያክብርሽ፤ የፈራሽውን ያቅልልሽ። አስቀድሜ ደስ የሚለውን ልጻፍ።

ወረቀትሽ ኅዳር 21 ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። በማግስቱ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አቤቱታው ቁጥር ወጣለት። ዳኛዋ ከዚያው ቀን ጀምሮ ጉዳዩ እስኪታይ ወደ ክፍሏ ትመለስ ተባለ። ጓደኛዋ ወንበሩን ይዛላት ጠበቀቻት አሉ፤ ሁለቱ ልጆች በጠረጴዛው ሥር በእጅ ሲያወሩ ተይዘው መምህሩ ለየብቻ አስቀምጧቸው ነበር። እንዲህ ባለ ጥፋት ስትቀጣ ስሰማ ደስታዬ ሌላ ነው።

ጉዳዩ የታየው ታኅሣሥ 9 ነው። ጉባኤው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢዋ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ የማይቸኩል ሴት ናት። ገምጋሚው ቀርቦ «ልጅቷ አልመለሰችልኝም» አለ። «በምን ቋንቋ ጠየቋት?» አለችው። ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ግምገማው ተሰርዟል። የፈረምኩት ፈቃድ እንዳልተሰጠ ተቆጥሯል። ከጥር ጀምሮ ክፍሏ ውስጥ አስተርጓሚ ይቆምላታል። ያ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል ደግሞ ይመርመር፣ እዚያ የቀሩት የስድስቱም ልጆች ግምገማ እንደገና ይታይ ተብሏል። ለኔ በጽሑፍ ተግሣጽ ሰጥተውኛል። ይገባኛል።

እስከዚህ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፍኩት። የቀረውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ቃል ስጠኝ ብለሽኝ ነበር። በልቤ ቃል ገብቼልሽ እኔ አልነገርኳትም። ነገር ግን ያንን ቃል የሚያፈርስ ነገር በገዛ እጄ ጽፌ ማስገባቴ ጉባኤው ፊት እስክቀመጥ ድረስ አልታየኝም። ስለሷ የሚነገረው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይተርጎምላት ብዬ የለ? ሰብሳቢዋ «መብቷ ነው» አለችና አስተርጓሚዋን ከዳኛዋ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ከዚያ ያንቺን ወረቀት አንሥታ ማንበብ ጀመረች። ብድግ አልኩ። «የሚሉት አለ?» አለችኝ። ምን ልበል? ይህኛውስ አይተርጎምላት ልበል? ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አስተርጓሚዋ «እናት» ብላ ስታሳያት ዳኛዋ የተሳሳተች መሰላትና እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ደገመችላት። ያን ጊዜ ወደኔ ዞረች። «ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ ነገሩ እስኪያልቅ አላየችኝም፤ ያላየችው ሰው ደግሞ ሊያናግራት እንደማይችል ታውቃለች። ከፍቶኛል፤ ግን አልፈርድባትም።

ውሳኔው ተነብቦ ሲያበቃ ሰብሳቢዋ «አንቺ የምትዪው አለ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ልጁ ራሱ ይጠየቅ ይላል ደንቡ። ስለ ክፍሏ የምትናገር መስሎን ነበር። ተነሥታ በእጇ ተናገረች። አስተርጓሚዋ በድምፅ አሰማችን።

«እናቴ ምልክት ትችላለች?»

ሰው ሁሉ ወደኔ አየ። «አትችልም» አልኩ። ተተረጎመላት።

«ታዲያ እንዴት አድርጋ ነው ልጄ የምትለኝ?»

አስተርጓሚዋ መልሴን ልታስተላልፍ እጆቿን አንሥታ ጠበቀች። ሰብሳቢዋም አላስቸኮለችኝም፤ ትንሽ ቆይታ መዝገቡን ዘጋችው። ዳኛዋ ግን መልሱን ትጠብቃለች፤ የምትጠብቀውም ከኔ አይደለም።

አጎትሽ